ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ

ሰርጌይ ኒኮላዬቪች ቪኖግራድስኪ (1856–1953 እ.ኤ.አ.) በኪየቭ የተወለደ፣ በሩስያና በፈረንሳይ የሠራ የደቂቅ ዘአካላት ተመራማሪ ነበር። የፀሐይ ብርሃን ሳያስፈልጋቸው፣ ሌላ ፍጡርም ሳይበሉ፣ እንደ አሞኒያና ድኝ ያሉ ሕይወት አልባ ነገሮችን ከኦክስጅን ጋር በማዋሐድ ብቻ ኃይል የሚያገኙ ባክቴሪያዎች መኖራቸውን በማሳየቱ ይታወቃል። ይህ አኗኗር ዛሬ ኬሞሲንተሲስ ይባላል። ከሆላንዳዊው ማርቲኑስ ቤየሪንክ ጋር የአፈር ማይክሮባዮሎጂ መሥራች ተደርጎ ይቆጠራል።

የሥራ ዘመኑ በሁለት የተከፈለ ነው። በ49 ዓመቱ ገደማ ምርምሩን ትቶ ወደ እርሻው ገባ፤ አብዮት ንብረቱን ከወሰደበት በኋላ ደግሞ በ66 ዓመቱ እንደገና ቤተ ሙከራ ከፈተ። ስለ አፈር ብስባሽና ስለሚያፈርሱት ፍጥረታት ያቀረበው ዋና ሐሳብ የመጣው ከዚህ ሁለተኛ ዘመን ነው። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ቪኖግራድስኪ በ1856 ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። ኪየቭ ያን ጊዜ በሩስያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበረች። በ1873 በኪየቭ ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ ሕግ፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ የተፈጥሮ ሳይንስ መማር ጀመረ፤ ሁለቱም ግን ልቡን አልያዙትም። በ1875 ሁሉንም ተወና ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ሄዶ በንጉሠ ነገሥቱ የሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪ ፒያኖ መማር ያዘ። መምህሩ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ቴዎዶር ሌሼቲትስኪ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሙዚቃውንም ትቶ በ1877 የሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ኬሚስትሪን ከኒኮላይ ሜንሹትኪን፣ የዕፅዋት ሳይንስን ከአንድሬይ ፋሚንትሲን ተማረ። በ1881 ተመርቆ እዚያው በመቆየት በወይን ጠጅ ላይ ስለሚሳፈፍ አንድ እርሾ መሰል ፍጡር አጠና። ምግቡን አንድ በአንድ እየለዋወጠ ፍጡሩ እንዴት እንደሚለወጥ ይመለከት ነበር። ሥራው ትንሽ ቢመስልም በኋላ ዕድሜውን ሙሉ የተጠቀመበት መንገድ ይኸው ነው፦ አንድ ደቂቅ ዘአካል ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ምን እንደሚበላ በትክክል መቆጣጠር።

ሽትራስቡርግና ድኝ የሚበሉ ባክቴሪያዎች

በ1885 ያን ጊዜ በጀርመን ሥር ወደነበረችው ሽትራስቡርግ ሄዶ ከታላቁ የዕፅዋት ሊቅ ከአንቶን ደ ባሪ ዘንድ መሥራት ጀመረ። የመረጠው ፍጡር ቤጂያቶአ ይባላል። ድኝ ባለባቸው ምንጮች ውስጥ እንደ ነጭ ክር ሆኖ የሚታይ ባክቴሪያ ሲሆን፣ በሰውነቱ ውስጥ የድኝ ጠብታዎች ይታያሉ።

በዚያ ዘመን ብዙዎች የተበላሸ እንቁላል ሽታ ያለውን ጋዝ፣ ማለትም ሃይድሮጅን ሰልፋይድን፣ የሚያመነጩት እነዚህ ባክቴሪያዎች ናቸው ብለው ያስቡ ነበር። ቪኖግራድስኪ ነገሩ ተቃራኒ መሆኑን አሳየ። ባክቴሪያውን ለብቻው ነጥሎ ማራባት ስላልቻለ በማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ አስቀምጦ ውኃውን በየጊዜው እየቀየረ ተመለከተው። ጋዙ ያለበት ውኃ ሲሰጠው በውስጡ ያለው ድኝ ይጨምራል፤ ጋዝ የሌለበት ውኃ ሲሰጠው ድኙ እያለቀ ይሄድና ባክቴሪያው ይራባል። ስለዚህ ጋዙ ምግቡ እንጂ ቆሻሻው አይደለም። ባክቴሪያው ጋዙን ወደ ድኝ፣ ድኙንም ወደ ሰልፈሪክ አሲድ እየለወጠ ከዚያ ኃይል ያገኛል። ይህን በ1887 አሳተመ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ብረትን ከኦክስጅን ጋር ስለሚያዋሕዱ ባክቴሪያዎች ጻፈ።

የናይትሬት ጥያቄ

ደ ባሪ በ1888 ሲሞት ቪኖግራድስኪ ወደ ዙሪክ ተዛወረ። እዚያ ያነሣው ጥያቄ ከምንጭ ውኃ ወደ እርሻ ማሳ የሚወስድ ነበር።

ገበሬ ፍግ ወይም ገለባ እርሻው ላይ ሲበትን ሰብሉ ያንን እንዳለ መመገብ አይችልም። በፍጉ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አብዛኛው በፕሮቲንና በመሳሰሉት ተቆልፎ የሚገኝ ነው። በመጀመሪያ ልዩ ልዩ ባክቴሪያዎችና ሻጋታዎች ያበሰብሱትና ናይትሮጅኑን ወደ አሞኒያ ይለውጡታል፤ በረት ውስጥ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ ይኸው ነው። አሞኒያው ደግሞ በአፈር ውስጥ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለወጣል። በደረቅ ማሳ ላይ የሚበቅሉ አብዛኞቹ ሰብሎች ናይትሮጅንን በብዛት የሚወስዱት በናይትሬት መልክ ነው። ይህ ለውጥ ናይትሪፊኬሽን ይባላል።

ለረጅም ጊዜ ኬሚስቶች ናይትሪፊኬሽን አየርና አፈር ሲገናኙ በራሱ የሚሆን ነገር ነው ብለው ያምኑ ነበር። በ1877 ሁለት ፈረንሳውያን፣ ቴዎፊል ሽሎዚንግና አሺል ሙንትዝ፣ አሸዋና ኖራ ድንጋይ በሞላበት ረጅም ቧንቧ ውስጥ ፍሳሽ ቆሻሻ ቀስ እያሉ አሳለፉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም አልታየም። 20 ቀን ያህል ሲሞላ ግን አሞኒያው ወደ ናይትሬት መለወጥ ጀመረ። የኬሚስትሪ ለውጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል መጠበቅ አያስፈልገውም ነበር። ክሎሮፎርም ሲጨምሩበት ለውጡ ቆመ፤ ክሎሮፎርሙ ተወግዶ ከጤናማ አፈር የታጠበ ውኃ ሲጨመርበት እንደገና ጀመረ። ሥራውን የሚሠራው ሕይወት ያለው ነገር መሆኑ ታወቀ፤ የትኛው ፍጡር እንደሆነ ግን አልታወቀም። በእንግሊዝ ሮበርት ዋሪንግተን ለውጡ ሁለት ደረጃ እንዳለው ደረሰበት፤ እሱም ቢሆን ፍጡሮቹን ለይቶ ማውጣት አልቻለም።

ችግሩ ከዘዴው ነበር። የዘመኑ ተመራማሪዎች ባክቴሪያን የሚያራቡት ሮበርት ኮኽ ባስተማረው መንገድ፣ በሥጋ መረቅና በጄላቲን በተዘጋጀ ሳህን ላይ ነው። ይህ መንገድ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችን ለማግኘት ድንቅ ሆኖ ነበር። የአፈር ናሙና በዚያ ላይ ሲዘራ ግን የሚበቅሉት ሁሉ አሞኒያን ወደ ናይትሬት መለወጥ የማይችሉ ሆኑ።

የቪኖግራድስኪ ሐሳብ ከድኝ ባክቴሪያዎቹ የመጣ ነው። ቤጂያቶአ በድኝ የሚኖር ከሆነ፣ እነዚህም አሞኒያን ራሱን እንደ ምግብ የሚጠቀሙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እንግዲያውስ መረቁ አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ ስኳርም ሆነ መረቅ የሌለበት፣ ውኃ፣ የአሞኒያ ጨውና ጥቂት ማዕድናት ብቻ ያሉበት ፈሳሽ አዘጋጀ። ከዕቃው ላይ የቀረ ትንሽ ሕይወታዊ ቁስ እንኳ እንዳይኖር ይጠነቀቅ ነበር። በፈሳሹ ውስጥ አሞኒያው ወደ ናይትራይት ተለወጠ። አንዱን ፈሳሽ ወደ ሌላው እየቀዳ ደጋግሞ ሲያራባ ሌሎቹ ባክቴሪያዎች እየተመናመኑ ሄዱ፤ ጥቂቶቹ ግን አልጠፉለትም።

ከዚህ ቀጥሎ ያደረገው፣ በዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አስተያየት፣ ከሥራዎቹ ሁሉ ብልሃት የተሞላበት ነው። ፈሳሹን በጄላቲን ሳህን ላይ ዘራው። ሌላው ተመራማሪ ቢሆን የበቀለውን ይወስድ ነበር። እሱ ግን ምንም ያልበቀለበትን ቦታ መርጦ ከዚያ ጨለፈ። የሚፈልገው ባክቴሪያ በጄላቲን ላይ የማይበቅል ከሆነ፣ ተደብቆ የሚገኘው ባዶ በሚመስለው ቦታ ነውና። ከባዶው ቦታ የተወሰደው ናሙና አዲስ ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ ናይትሪፊኬሽን ቀጠለ። በኋላ ጄላቲኑን ጨርሶ ትቶ ከሲሊካ ጄል፣ ማለትም ከማዕድን ብቻ ከሚሠራ ጠጣር ነገር፣ ሳህን አዘጋጀና ባክቴሪያዎቹን በግልጽ አራባቸው።

ቀጥሎ በባክቴሪያዎቹ አካል ውስጥ ያለውን ካርቦን ለካ። በፈሳሹ ውስጥ የሚበላ ካርቦን አልነበረም፤ ብርሃንም አላስፈለጋቸውም። ሆኖም ካርቦኑ ይጨምር ነበር። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወስደው ሥጋቸውን የሚሠሩት አሞኒያውን በማቃጠል ባገኙት ኃይል መሆኑ ታየ። ሂሳቡም ወጣ፦ አንድ ግራም ካርቦን ለማግኘት 35 ግራም ያህል ናይትሮጅን መለወጥ አለባቸው። ኑሯቸው እጅግ ድሃ ነው ማለት ይቻላል፤ ለትንሽ ሥጋ ብዙ ይደክማሉ፤ ገበሬው የሚጠቀመውም ከዚህ ድካማቸው ነው።

ውጤቱ ከ1890 ጀምሮ በፓስተር ተቋም መጽሔት በተከታታይ ወጣ። አሞኒያን ወደ ናይትራይት የሚለውጡትን ኒትሮሶሞናስና ኒትሮሶኮከስ፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጠውን ደግሞ ኒትሮባክተር ብሎ ሰየማቸው። እስከዚያ ድረስ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሥጋ የሚሠሩት በብርሃን የሚኖሩ አረንጓዴ ዕፅዋት ብቻ ናቸው ተብሎ ይታመን ነበርና፣ ግኝቱ ከእርሻ ጉዳይ እጅግ የሰፋ ሆነ።

ሴንት ፒተርስበርግ

በ1891 ወደ ሩስያ ተመልሶ በሴንት ፒተርስበርግ አዲስ በተቋቋመው የሙከራ ሕክምና ኢንስቲትዩት የአጠቃላይ ማይክሮባዮሎጂ ክፍል ኃላፊ ሆነ። በዚያው ኢንስቲትዩት የፊዚዮሎጂ ክፍሉን የሚመራው ኢቫን ፓቭሎቭ ነበር።

እዚህ ያገኘው ትልቁ ነገር ክሎስትሪዲየም ፓስተሪያነም ነው፤ ስሙን ለሉዊ ፓስተር መታሰቢያ ሰጠው። ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ በሥራቸው ላይ ባለው እባጭ ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ሆነው ከአየር ናይትሮጅን እንደሚያገኙ በ1880ዎቹ ታውቆ ነበር። ቪኖግራድስኪ በ1893 ያሳወቀው ባክቴሪያ ግን ከማንም ተክል ጋር ሳይጠጋ፣ ብቻውን በአፈር ውስጥ እየኖረ ናይትሮጅንን ከአየር የሚወስድ ነው። የተጠቀመበት መንገድ ያው የቀድሞው ነው፤ ስኳር ያለበት፣ ናይትሮጅን ግን ጨርሶ የሌለበት ምግብ አዘጋጀ፤ በዚያ መኖር የቻለው ናይትሮጅኑን ከአየር የሚያገኝ ብቻ ሆነ። ባክቴሪያው ኦክስጅን ባለበት አይራባም፤ መጀመሪያ ላይ በሕይወት የቆየው አብረውት ያሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ስለሚጨርሱለት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1901፣ ቤየሪንክ በኦክስጅን መካከል ይህንኑ ሥራ የሚሠራውን አዞቶባክተርን አገኘ።

በ1902 የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ ተባባሪ አባል አደረገው። በኢንስቲትዩቱ ከእሱ ጋር የሠራው ቫሲሊ ኦሜሊያንስኪ የገለባና የእንጨት ዋና ክፍል የሆነው ሴሉሎስ አየር በሌለበት እንዴት እንደሚበሰብስ በማጥናት ታዋቂ ሆነ።

ከምርምር የራቀባቸው 17 ዓመታት

ቪኖግራድስኪ ጤናው ስለታወከ በ1905 ኢንስቲትዩቱን ለቀቀ። በፖዶሊያ አውራጃ ጎሮዶክ በምትባል ቦታ ሰፊ ርስት ነበረው፤ ወደዚያ ሄዶ እርሻውን ማስተዳደር ያዘ፤ አንዳንዴም በስዊዘርላንድ ይቀመጥ ነበር። በእነዚህ ዓመታት ከሳይንስ ራቀ። ያቋቋመው የትምህርት ዘርፍ በሌሎች እጅ እያደገ ሲሄድ እሱ ከርቀት እንኳ አልተሳተፈም።

የ1917 አብዮትና የእርስ በርስ ጦርነቱ ይህን ኑሮ አፈረሱት። ርስቱን አጥቶ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በቤልግሬድ ዩኒቨርሲቲ የማስተማር ሥራ አገኘ፤ ለምርምር የሚሆን ዕቃ ግን እምብዛም አልነበረም። እዚያ ሳለ ባልነበረበት ዘመን የታተሙትን የባክቴሪያ ጥናቶች እያነበበ ያመለጠውን ማካካስ ጀመረ።

በ1922 የፓስተር ተቋም ኃላፊ ኤሚል ሩ የእርሻ ባክቴሪያ ጥናት ክፍል እንዲመራ ጋበዘው። ቦታው ከፓሪስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ብሪ-ኮንት-ሮቤር የተባለች ትንሽ ከተማ ነበረች። ሌላው ሰው ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ እሱ ሥራ ጀመረ።

አፈርን በአፈርነቱ ማጥናት

ከ17 ዓመት በኋላ ሲመለስ ያየው ነገር አላስደሰተውም። የአፈር ተመራማሪዎች አሁንም ከአፈር ናሙና ወስደው በጣፋጭ ምግብ ሳህን ላይ ይዘሩና የበቀለውን ይቆጥራሉ፤ ከዚያም የአፈሩን ፍጥረታት እንዳወቁ ይናገራሉ። ቪኖግራድስኪ ይህን አጥብቆ ተቃወመ። አፈር ውስጥ የሚበላ ነገር ጥቂት ነው፤ ፉክክሩም ብዙ ነው። በቤተ ሙከራ ብቻውን ተቀምጦ እየተቀለበ ያደገ ባክቴሪያ በእርሻው ውስጥ ስለሚያደርገው ነገር የሚነግረን ትንሽ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ያሳስታል። የወጣትነት ሥራው የተነሣው በጄላቲን ሳህን ላይ ያለውን እምነት በመተው ስለነበር ትችቱ ከራሱ ልምድ የመጣ ነው።

አማራጭም አቀረበ። አፈሩን በውኃ በጥብጦ ደለሉን ደረጃ በደረጃ ከለየ በኋላ በመስታወት ላይ አድርቆ፣ በቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ በቀጥታ ቆጠረ። የተገኘው ቁጥር ሳህን ላይ ከሚበቅለው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሆነ። ምንም ፍግ ባልተጨመረበት አፈር ውስጥ በብዛት የታዩትም ትንንሽ፣ ክብ መሰል ሕዋሶች ነበሩ። ገለባ ወይም ሌላ ትኩስ ምግብ ሲጨመርበት ሁኔታው ወዲያው ይለወጣል፤ ሌሎች ዓይነቶች በአንዴ ይፈላሉ፣ ምግቡ ሲያልቅም ይመናመናሉ።

ከዚህ በ1920ዎቹ አጋማሽ ዝነኛ የሆነውን ክፍፍል አወጣ። የመጀመሪያዎቹን ኦቶክቶነስ፣ ማለትም ነባር፣ አላቸው። እነዚህ ትኩስ ነገር መጣ አልመጣ ሳይሉ፣ ከብዙ መብላት የተረፈውን ጠንካራና ጥቁር ብስባሽ ቀስ በቀስ እየፈቱ በዝግታ የሚኖሩ ናቸው። ሁለተኛዎቹን ዛይሞጂነስ አላቸው፤ ትኩስ ፍግ ወይም ቅጠል እስኪገባ አድፍጠው የሚጠብቁ፣ ሲገባም ተረባርበው የሚጨርሱ ናቸው። አንድ ማሳ ፍግ ከተሰጠው በኋላ በጥቂት ሳምንታት ብዙ ጋዝ አውጥቶ ከዚያ ለዓመታት ጥቂት በጥቂት ብቻ የሚለቀው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ በዚህ ክፍፍል መልስ አገኘ። ድንበሩ ቪኖግራድስኪ እንዳሰበው የጠራ አለመሆኑ በኋላ ቢታወቅም፣ ሐሳቡ ዛሬ ኮፒዮትሮፍና ኦሊጎትሮፍ በሚሉት ስሞች በሥራ ላይ ነው።

በዚሁ ጣቢያ ስለ አዞቶባክተር፣ ሴሉሎስን ስለሚያበሰብሱ ባክቴሪያዎችና እንደገና ስለ ናይትሪፊኬሽን ሠራ፤ በመጨረሻው ጉዳይ ሴት ልጁ ኤሌን አብራው ሠርታለች። የአፈር ቅንጣቶችን በሲሊካ ጄል ላይ በትኖ በየቅንጣቱ ዙሪያ የሚበቅለውን የመመልከት ዘዴም የዚህ ዘመን ነው። በ1924 የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ የውጭ አገር አባል አደረገው፤ በ1935 ደግሞ ለማይክሮባዮሎጂ የሚሰጠውን የሌቨንሁክ ሜዳሊያ ተቀበለ።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1940 ጀርመን ፈረንሳይን በያዘች ጊዜ ጡረታ ወጣ፤ ከብሪ-ኮንት-ሮቤር ግን አልተለየም። በጦርነቱና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በረጅም የሥራ ዘመኑ የጻፋቸውን ጥናቶች ሰብስቦ አዘጋጀ፤ በ1949 ስለ አፈር ማይክሮባዮሎጂ በፈረንሳይኛ አንድ ትልቅ ጥራዝ ሆኖ ታተመ። ያን ጊዜ 92 ዓመት አልፎት ነበር። በ1953 በዚያችው ከተማ አረፈ። በዚያው ዓመት የሕይወት ታሪኩ ታተመ፤ ጸሐፊው ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን መድኃኒት ከአፈር ባክቴሪያ ባስገኘው ምርምር የኖቤል ሽልማት ያገኘው፣ እሱም በዩክሬን ምድር የተወለደው ሴልማን ዋክስማን ነው።

ከእሱ በኋላ

የቪኖግራድስኪ ግኝቶች አንዳንዶቹ ተሻሽለዋል። ናይትሪፊኬሽን ሁልጊዜ በሁለት የተለያዩ ፍጥረታት የሚሠራ ነው የሚለው እምነት ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። በ2015 ግን ኒትሮስፓይራ ከሚባሉት ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ ሁለቱንም ደረጃ ብቻቸውን እንደሚሠሩ ታወቀ። ከዚያ አስቀድሞ በ2005 አሞኒያን ወደ ናይትራይት የሚለውጥ አርኪያ፣ ማለትም ባክቴሪያ ያልሆነ ሌላ ደቂቅ ዘአካል፣ በንጹሕ እርባታ ተገኘ፤ በብዙ አፈሮች ውስጥ የእነዚህ ቁጥር እሱ ካገኛቸው ባክቴሪያዎች እንደሚበልጥም ተረጋግጧል። ሳህን ላይ የማይበቅሉ ፍጥረታት ይበዛሉ የሚለው ትችቱ ግን ጸንቷል። ዛሬ ዲኤንኤን ከአፈር በቀጥታ አውጥቶ በኮምፒውተር የማንበቡ ሥራ የተስፋፋው በዚሁ ምክንያት ነው።

የግኝቱ ሌላ ፊትም አለ። አሞኒያ በአፈር ውስጥ በአብዛኛው በሸክላና በብስባሽ ላይ ተጣብቆ ይቆያል፤ ናይትሬት ግን አይጣበቅም፣ ዝናብ ሲመጣ ታጥቦ ወደ ወንዝና ወደ ጉድጓድ ውኃ ይወርዳል። ስለዚህ ሰብሉን የሚመግበው ያው ባክቴሪያ፣ ማዳበሪያ ከመጠን በላይ ሲበዛ ገበሬው የከፈለበትን ናይትሮጅን ያባክንበታል። በአንዳንድ አገሮች የባክቴሪያዎቹን ሥራ ለጊዜው የሚያዘገዩ ኬሚካሎች ከማዳበሪያ ጋር ይቀላቀላሉ።

በትምህርት ቤቶች ስሙ ይበልጥ የሚታወቀው በቪኖግራድስኪ ዓምድ ነው። ረጅም የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ የኩሬ ጭቃ፣ የተቀዳደደ ጋዜጣና የእንቁላል አስኳል ተቀላቅለው ይገባሉ፤ ላዩ በኩሬ ውኃ ተሞልቶ፣ ተከድኖ መስኮት አጠገብ ይቀመጣል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከታች ጥቁር፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴና ወይን ጠጅ፣ ወደ ላይ ደግሞ ዝገት የመሰሉ ንጣፎች እየታዩ ይመጣሉ። ጋዜጣው ሴሉሎስ ለሚበሉት፣ አስኳሉ የድኝ ምንጭ እንዲሆን ነው። ዓምዱ ምንም ሳይጨመርበት ለወራት፣ ብርሃን ካልተቋረጠበትም ለዓመታት ሕይወቱን ይዞ ይቆያል።